ወደ ቁስቋም በ24 ጥርስ

ጥቅምት 3

ብስክሌቱ ዛሬ ቤት ገባ። ያገለገለ ነው፤ ጎማው ባለ 26 ኢንች፣ ፊቱ ባለ ሞላ፣ ቀለሙ ድሮ ቀይ የነበረ። ሻጩ «የተራራ ብስክሌት ነው ጋሼ፣ እንደ ፍየል ነው ዳገት የሚወጣው» አለኝ። ፍየሉ ይውጣ፤ እኔን ያሳሰበኝ የሚጫንበት ነው።

ዕድሜዬ 47፣ ክብደቴ 93 ኪሎ። ሃያ ዓመት የሰው ሒሳብ ስደምርና ስቀንስ ከወንበር ሳልነሳ ኖሬአለሁ። ባለፈው ወር የደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ የለካችኝ ነርስ «ጋሼ፣ ይንቀሳቀሳሉ?» ብትለኝ «አዎ፣ በባጃጅ» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ሐኪሙ ደግሞ ቀስ ብዬ እንድጀምር፣ ደረቴን ከጨመቀኝ ወይም ካዞረኝ ግን ያንኑ ጊዜ እንዳቆም ነገረኝ። በእግር መሄድ ይበቃህ ነበር ይለኛል ሰው ሁሉ። ይበቃኝ ነበር። ግን መድረሻ የሌለው የእግር ጉዞ ይሰለቸኛል፤ ጉልበቴም ቁልቁለት አይወድም።

ባሕር ዳር ብወለድ ኖሮ ይህን ማስታወሻ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር። እዚያ ከተማው ሜዳ ነው፤ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በብስክሌት ገበያ ይወጣል፣ ሥራ ይሄዳል። ጎንደር ግን ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ ናት። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ሲከትሙባት ስለ ብስክሌት ያሰቡ አይመስለኝም። ከየትኛውም ቤት ብትነሳ ቁልቁል ከጀመርክ መመለሻህ ዳገት ነው።

ግቤን ለባለቤቴና ለልጄ ነግሬአለሁ፦ ከአራዳ ተነስቼ፣ በፋሲለደስ መዋኛ በኩል አድርጌ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም መውጣት። በስልኬ ልኬት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ያሠሩበት ያ ኮረብታ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ይታያል። ልጄ «በየትኛው ዓመት?» አለችኝ።

ጥቅምት 5

የመጀመሪያው ጉዞ። እስከ መዋኛው ድረስ ቁልቁል አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ነፋሱ ሸሚዜን ሲነፋው አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር። ስመለስ ሃምሳ እርምጃ ያህል ፔዳል መታሁና ቆምኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ጭኔ እንደ ጨው ድንጋይ ሆነ። ቀሪውን መንገድ በእጄ ገፋሁት። ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች አብረውኝ እየሄዱ «አባባ አይዞህ! ግፋ!» ይሉኛል። ፔዳሉን ይሁን ብስክሌቱን አልገለጹልኝም።

ጥቅምት 6

መቀመጥ አልቻልኩም። ሒሳቡን ቆሜ ሠራሁ።

ጥቅምት 9

ጎሚስታው ዘንድ ወሰድኩት። ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። ዋና ሥራው የባጃጅ ጎማ ቢሆንም የሚወደው ብስክሌት ነው። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የጽጋቡ ግርማይ ፎቶ ለጥፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ልጁ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አላለም። ጨዋ ነው።

ብስክሌቱ ላይ እንድወጣ አድርጎ ግንብ አስደገፈኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ በርጩማ ላይ ነው የተቀመጡት» አለ። እውነቱን ነው፤ እግሬ መሬት እንዲደርስ ብዬ ኮርቻውን እስከ ታች አውርጄው ነበር። ጉልበቴ ወደ አገጬ እየመጣ በግማሽ እግር ነው ስረግጥ የቆየሁት። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አስደርጎ፣ ፔዳሉን እስከ ታች አውርዶ፣ እግሬ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ከፍ አደረገው። ከዚያ በእግሬ ጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ስረግጥ ጉልበቴ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ልኩ ይኸው ነው። ከፍ ያለው አንድ ጭብጥ ያህል ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ጣሪያ ላይ የወጣሁ መሰለኝ። ለመቆም ስፈልግ ከኮርቻው ወደ ፊት መውረድ እንዳለብኝ የነገረኝ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

ስመለስ መቶ ሃያ እርምጃ ሄድኩ። ሳንባው ያው ነው፣ ጭኑ ያው ነው። የተለወጠው አንድ ቡሎን ነው።

ጥቅምት 12

ዛሬ ከልጄ ጋር ጥርስ ስንቆጥር ዋልን። ጎሚስታው «ማርሹ አይሠራም፣ ሽቦው ነው» ብሎኝ ስለነበር ምን ያህል እንደተጎዳሁ ማወቅ ፈለግሁ። የሒሳብ ሰው በሽታ ነው።

ፊት ለፊት ሦስት ክቦች አሉ። አንዱን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርጋ ቆጠረች፦ 42፣ 34፣ 24። ከኋላ ሰባት ናቸው፤ ትንሹ 14፣ ትልቁ 28። ሰንሰለቱ ፊት ላይ ባለ 42ቱን የሙጥኝ ብሏል፤ መቀየሪያውን ብታዞረውም ንቅንቅ የለም። ግቢው ውስጥ ጎማውን አንድ ዙር አሽከርክረን መሬቱን ለካን፤ 2 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር። እንግዲህ ፊት 42፣ ኋላ 28 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ተኩል ይዞራል፤ 3 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ፊት 24 ቢሆን ኖሮ ያው አንድ ዙር የሚወስደኝ 1 ሜትር ከ76 ብቻ ነበር።

ልጄ «ታዲያ አጭር መሄድ ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። አንድ ኩንታል ጤፍ ከወፍጮ ቤት ወደ ቤት ማድረስ አለብሽ እንበል አልኳት። ባንድ ሸክም ልትሞክሪ ትችያለሽ፤ ወገብሽ ይቆረጣል። በሁለት ምልልስ ብታደርጊው ጤፉ አይቀንስም፤ በየጊዜው ጀርባሽ ላይ ያለው ግን ይቀንሳል። እኔ ላለፉት ቀናት ኩንታሉን ባንድ ሸክም ሳወጣ ነበር። ስንፍናዬን አልክድም። ግን ግማሹ ጥፋት የዛገ ሽቦ መሆኑን ሳውቅ ያደረብኝ ደስታ ትንሽ አልነበረም።

ጥቅምት 14

ሽቦውን ራሴ ቀየርኩት። ጎሚስታው አዲሱን ሽጦልኝ በቃል አስረዳኝ፤ በእጁ ቢሠራው ሩብ ሰዓት ይበቃው ነበር፣ እኔ ከምሳ እስከ መክሰስ ፈጀሁ።

አሮጌውን የያዘችውን ቡሎን በ10 ቁልፍ ፈታሁ። ሽቦው ከመሸፈኛው አልወጣም አለ። በፒንሳ ይዤ ስስበው ድንገት እንደ ጥርስ ተነቀለ፤ ቡናማ ዱቄት እጄ ላይ ተራገፈ። ወደ ታች ባጎነበሰበት ቦታ የክረምት ውሃ ተጠራቅሞ ሽቦውንና ሽፋኑን አንድ ላይ አጣብቋቸዋል። አዲሱን ጫፉ እንዳይተረተር በሻማ አሽቼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በአዲስ ሽፋን ውስጥ አሳለፍኩት፤ ስቤ አሰርኩት።

ከዚያም አልሠራም። ሰንሰለቱ ወደ 34 ወረደ፣ 24 ላይ ግን አልሄድም አለ። ጨለማ እስኪመጣ ስቀመጥና ስነሳ ቆየሁ። በመጨረሻ ከመቀየሪያው አናት ላይ ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች አየሁ፤ አንዱ ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ እስከ የት እንዲሄድ፣ ሌላው ወደ ውጭ እስከ የት እንዲሄድ የሚወስኑ ናቸው። የውስጠኛውን የቀድሞው ባለቤት እስከ መጨረሻው አጥብቆታል። ዳገት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። በካቻቢቴ ሩብ ዙር ፈታሁት፤ ምንም። ሌላ ሩብ፤ ሰንሰለቱ ቀጭ ብሎ 24 ላይ ተቀመጠ። በደስታ ሌላ ሩብ ጨመርኩና ሰንሰለቱ ከክቡ ወጥቶ ብረቱ ላይ ወደቀ። ያንን ሩብ መለስኩ።

ባለቤቴ የእጄን ቅባት አይታ ምጣዱን እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ።

ጥቅምት 19

አሁን ችግሩ ማርሽ አይደለም፤ ችኮላዬ ነው። ዳገቱን ስጀምር ሊያልቅብኝ እንደሚችል ምግብ እየተስገበገብኩ እገባበታለሁ፣ መሀሉ ላይ እሞታለሁ። በትንፋሼ መለካት ጀመርኩ፤ መለኪያዬም ፊደል ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ድምፄን ከፍ አድርጌ እላለሁ። ሰባቱ ባንድ ትንፋሽ ካለቁ ደህና ነኝ። ሂ ላይ ከተቆረጠብኝ ጡንቻዬ ሳንባዬ ከሚያቀርብለት በላይ እየጠየቀ ነው፤ ፍጥነት እቀንሳለሁ። ሁለት መስመር ካወጣሁ ደግሞ እያታለልኩ ነው፤ ትንሽ እጨምራለሁ።

እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ከቆላ የመጣ ሰው ቢያለከልክ ያምርበታል። እኔ ግን የተወለድኩበት አየር ነው፤ ማመካኛ አይሆነኝም።

ዛሬ ከመዋኛው እስከ ቤት ሳልገፋ ደረስኩ። አንዲት ጉልት ላይ የተቀመጡ እናት ፊደል እየቆጠርኩ ሳልፍ ሰምተው አማተቡ።

ጥቅምት 23

ጧት 12 ሰዓት ተኩል ወጣሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ መውጣት አልሻም፤ ጅቡ ገና ቤቱ አልገባም። ውሾቹም የሌሊት ፈረቃቸውን አላስረከቡም።

የባለቤቴ ቤት ጽጌ ይጾማል፤ ማለት እኔም እጾማለሁ። እስከ አዘዞ ወርጄ ልመለስ ብዬ ባዶ ሆዴን ሄድኩ። መውረዱ ማር ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ማር በመልሱ ይቆጠራል። እኩሌታ መንገድ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፤ ዓይኔ ፊት ጥቃቅን ኮከቦች በረሩ። ወርጄ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ያለውን አስታወስኩ፤ ደረቴን አላመመኝም፣ ርኃብ ነው። ባጃጅ ቆሞ ብስክሌቱን ከኋላ አስሮ ወሰደኝ። ሾፌሩ «በእሱ ሄደው በእኔ መመለስዎ ነው፣ ጋሼ?» አለ። ከፈልኩ፣ ዝም አልኩ።

ከዛሬ ጀምሮ በሶ እይዛለሁ። የተቆላው ገብስ ጾምም አያስፈታ፣ ሆድም አያስጮህ። አንድ ጭብጥ ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር በውሃ በጥብጬ በፕላስቲክ ጠርሙስ፤ ሌላ ጭብጥ በዘይት ታሽቶ በኪስ። ከመነሳቴ በፊት እቀምሳለሁ፤ የጾሙን ሰዓት ጉዳይ ከንስሐ አባቴ ጋር እነጋገራለሁ።

ኅዳር 2

የቁስቋምን ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩ። ቀሃን ከተሻገርኩ በኋላ ያለው ለስላሳ ክፍል አለፈ፤ እስከ ለ ሉ ሊ ድረስ እየቆጠርኩ ነበር። ድንጋያማው ሲጀምር ግን የፊት ጎማው እንደ ሰጋር በቅሎ ተነሳ። ወደ ፊት ተጎንብሼ ቆሜ ስረግጥ ደግሞ የኋላው መሬት አጣና በከንቱ ዞረ። ወረድኩ።

እየገፋሁ ሳለ ነጭ ጋቢ የለበሱ እማሆይ በምርኩዝ ሲወርዱ ተገናኘን። ቆመው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ ነገር አንተን ካልተሸከመ፣ አንተ ለምን ትሸከመዋለህ?» አሉኝ። «ያለማምደኛል ብዬ ነው፣ እማሆይ» አልኩ። «ማ ማንን?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጎሚስታው የፊት ጎማውን ነገር ሲሰማ ሳቀ። መድኃኒቱ መሀል ላይ ነው፦ ከኮርቻው ሳይነሱ ወደ ፊት ጫፉ መንሸራተት፣ ደረትን ዝቅ ማድረግ፣ ክርንን ወደ ታች ማጠፍ። ክብደቱ ለሁለቱም ጎማ ይካፈላል፤ የፊቱ አይነሳም፣ የኋላውም መሬቱን አይለቅም።

ኅዳር 6

የቁስቋም ንግሥ ነው። ብስክሌቱ ቤት ዋለ፤ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር በእግር ወጣን። መንገዱ በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ሌላው ሲጸልይ እኔ መንገድ ሳጠና ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ክረምቱ በስተግራ በኩል ቦይ ቆፍሯል፤ ልቅ ድንጋዩ ሁሉ እዚያ ወርዷል። በስተቀኝ የሰው እግር የደለደላት፣ ስፋቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ መስመር አለች። ከታች ሆኜ በብስክሌት ሳይ አልታየችኝም ነበር፤ የማየው ከፊቴ ያለውን ድንጋይ ብቻ ነበርና።

ኅዳር 11

ወደቅሁ። ስወጣ አይደለም፣ ስወርድ።

በመስመሯ ላይ እየወረድኩ ሳለ መሀል ላይ የዳቦ ቅርጽ ያለው ድንጋይ አየሁ። እንዳልመታው ብዬ አፍጥጬ አየሁት። በግራም በቀኝም ማለፊያ ነበረ፤ ቀጥ ብዬ ሄጄ መታሁት። እጅ ዓይንን ነው የሚከተለው፤ መሪውን ወዴት እንዳዞርኩ እኔ ራሴ አላውቅም። በድንጋጤ የፊት ፍሬኑን ጭምቅ አደረግሁት፣ እኔ በመሪው ላይ አልፌ በክርኔ አረፍኩ። የራስ ቁሩ ባይኖር ግንባሬ ነበር። ክርኔ ተላልጧል፣ ሱሪዬ ተቀዷል፣ ብስክሌቱ ምንም አልሆነም። ይህ የመጨረሻው ትንሽ አናደደኝ።

ቁልቁለት ነፃ መስሎኝ ነበር። ለካስ ዋጋው በኋላ ነው የሚነገረው። ፔዳሎቹ እኩል አግድም መሆን አለባቸው፣ አንዱ ወርዶ ድንጋይ እንዳይመታ፤ ከኮርቻው ትንሽ ተነስቶ መቀመጫን ወደ ኋላ መግፋት፤ ጉልበትና ክርን ታጥፈው እንደ ሞላ መሥራት፤ ፍሬኑን በአንድ ወይም በሁለት ጣት አስቀድሞ በለሆሳስ መያዝ፤ ዓይንን ደግሞ መሄድ በምትፈልግበት ላይ መጣል። ከመዋኛው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጬ ጎኑን እያየሁ ማለፍ ተለማመድኩ። የማይነሳ በግ እንደሚያግድ ሰው ሳልመስል አልቀረሁም።

ኅዳር 20

ጎማ። ጎሚስታዎች ሁሉ ጎማ እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ የሠሩ አይመስላቸውም። የኔ ጎማ ጎኑ ላይ የአየር ግፊቱን ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ ይላል፤ ልጁ 65 አድርጎልኝ ኖሯል። አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፤ ድንጋይ ላይ ግን እንደ ኳስ ያነጥረኛል። ወደ 45 አወረድነው፤ ጎማው ድንጋዩን ማቀፍ ጀመረ። ከዚያ ስግብግብነት ያዘኝና ከ40 በታች አወረድኩት። በዚያው ቀን ፈነዳ። ከመነዳሪውን ሳወጣው ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፤ የሹካ ውጋት ይመስላሉ። የኔ ክብደትና ድንጋዩ ጎማውን እስከ ቸርኬው ጠርዝ ጨምቀውት፣ ጠርዙ ነው የቆረጠው።

መለጠፉንም ተማርኩ፦ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ማስቲሹን ቀብቶ መጠበቅ። መጠበቁ ነው ዋናው፤ እርጥብ ሳለ ከለጠፍከው ነገ ይለቃል። ደርቆ በጣት ጀርባ ሲነካ የማይከተል ሲሆን ነው ልጥፉ የሚጫነው።

ታኅሣሥ 5

ሰንሰለቱ በዳገት ላይ ይንቋቋል። ጎሚስታው «ተስቧል» አለ። ብረት እንዴት ይሳባል ብዬ ተከራከርኩ። ብረቱ አይሳብም፤ በየመገጣጠሚያው ያለው ዘንግ ተበልቶ ክፍተቱ ሲደመር ነው የሚረዝመው። አዲስ ሰንሰለት ከዘንግ ወደ ዘንግ 24 ክፍል ሲቆጠርለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.4 ሲደርስ የሚቀየርበት ጊዜ ነው። የልጄ ማስመሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አለቀ፤ የጎረቤታችንን የልብስ ስፌት ሜትር ተዋስኩ። 308።

አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ከኋላ በሁለት ክቦች ላይ ይዘል ጀመር። አሮጌው ሰንሰለት ጥርሶቹን በራሱ ልክ ሞርዷቸዋል፤ አዲሱ አይገጥማቸውም። እንግዲህ የኋላው ክብ ስብስብም መቀየር አለበት። አንዱን ሳትጠግን ስትቀር ሌላውን ይዞት ይሄዳል፤ እንደ ቤት ጣሪያ ነው። እስከ ደመወዝ ቀን ድረስ ሁለቱን ክቦች ሳልነካ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 12

90 ኪሎ። ባለቤቴ የነቢያት ጾም ነው ትላለች። ይሁን።

ታኅሣሥ 30

በዓሉ አልፎ ሆዴ ዶሮ ወጥ እንደጫነ ሞከርኩ፤ ደደብ ሐሳብ ነበር፣ ግን ሄደልኝ። ፊት 24፣ ኋላ 28። በቀኝ በኩል ያለችውን መስመር ይዤ፣ ደረቴን ዝቅ አድርጌ፣ ሀ ሁ ሂ። እየሄድኩ ነው ለማለት ያሳፍራል፤ አንድ የቆሎ ተማሪ በእግሩ አለፈኝ። ድንጋያማውን ጨረስኩ። የግቢው ግንብ ታየኝ። ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ጭድ የጫኑ ሦስት አህዮች ከላይ ወረዱ፤ መንገዱ ጭድ ብቻ ሆነ። እግሬን አወረድኩ።

ልጄን ይቆጠራል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አህያዋ እግርህን አወረደችው? ወይስ አንተ?» አለች። አይቆጠርም።

ጥር 11

ብስክሌት የለም። መዋኛው ከቀሃ ውሃ ተሞልቷል፣ ታቦታቱ ወርደዋል፣ ከተማው እንግዳ ነው። ከመንገዴ ላይ ቆሜ መንገዴን ማየት አልቻልኩም።

ጥር 17

ዛሬ ወጣሁ። እግሬ መሬት አልነካም። ጧት 1 ሰዓት ከሩብ ነበር፣ ማንም አላየኝም። ግንቡን ተደግፌ ሁለተኛውን ጠርሙስ በሶ ጠጣሁ፤ ከታች ከተማው በጭስ ተሸፍኖ የግንቦቹ አናት ብቻ ይታያል። ወደ ሥራ ስለዘገየሁ ብዙ አልቆየሁም።

ጥር 29

ክብደቴ 89። ነርሷ ዘንድ ሄድኩ፤ ግፊቴ ቀንሷል፣ መድኃኒቱን ግን እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ። ተቀምጬ የሚለካው የልቤ ምት ከ84 ወደ 73 ወርዷል። «ምን አደረጉ?» ብትለኝ እንዳለፈው መቀለድ አማረኝ፤ ተውኩት። ፊደል ቆጠርኩ አልኳት። ይኼኛው አሳቃት።

የካቲት 6

ትዕቢት መጣ። ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ኮሶዬ ወጣሁ፤ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ2800 ሜትር በላይ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ቆላውን አየሁ፣ ጭላዳዎቹን አየሁ፣ ቁልቁል ወደ ቤቴ ጀመርኩ።

አስፋልት ነው፤ ድንጋይ የለም። የጭነት መኪና ግን አለ፣ ስለዚህ ጠርዙን ይዤ ፍሬን ሳለቅ ወረድኩ። ስህተቱ ይኸው ነው። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቆሜ ቸርኬውን ብነካው ጣቴን ጠበሰኝ። አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁ፤ እኔና ብስክሌቱ 104 ኪሎ፣ 700 ሜትር መውረድ። ነፋሱ የሚወስደውን ትተን ሁሉም በፍሬኑ ቢያልፍ፣ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። በሁለት ቀጫጭን ቸርኬዎች ላይ ጀበና ጥጄ ስወርድ ነበር።

የተራራ ብስክሌት ራሱ የተወለደው በዚሁ ጣጣ መሆኑን ጎሚስታው ነግሮኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን በሚባል አካባቢ ወጣቶች ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን ተራራ ላይ እያወጡ ይለቋቸው ነበር። አንደኛው ቁልቁለት በ3 ኪሎ ሜትር ተኩል ውስጥ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ብስክሌቶቹ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን ነበራቸው፤ አንድ ጊዜ ወርደው ሲጨርሱ በመሀል ያለው ግራሶ ተቃጥሎ በጭስ ያልቃል፤ ፈትተው እንደ አዲስ መሙላት ነበረባቸው። ቁልቁለቱም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ «ሪፓክ»፣ እንደገና ሙላ እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1976 ውድድር አደረጉበት፤ በዓመቱ ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ አካል በየደ። እኔ በሃምሳ ዓመት ልዩነት ያው ሽታ ሸተተኝ ማለት ነው።

ከቀዘቀዘ በኋላ በሌላ መንገድ ወረድኩ፦ ቀጥታው ላይ እለቃለሁ፣ ከመታጠፊያው በፊት አጥብቄ እይዛለሁ፣ ደግሞ እለቃለሁ፤ ለቸርኬው የሚተነፍስበት ጊዜ። ወለቃ ስደርስ የሸክላ ሠሪዎቹ ልጆች ትናንሽ የሸክላ አንበሳ ይዘው ሮጡልኝ። ቆሜ አንድ ገዛሁ፤ በዋናነት ለመቆም ምክንያት ፈልጌ ነው። ከፊቴ ያለውን ዳገት ከሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ አላስተዋልኩትም ነበር። ፊት 24፣ ኋላ 28። ለ ሉ ሊ ላይ ተቆረጠብኝ። ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ፤ አንበሳው በኪሴ ውስጥ ጅራቱ ተሰበረ።

የካቲት 7

የኋላው የፍሬን ላስቲክ እስከ ብረቱ አልቋል፤ ቸርኬው ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች። ሁለት ጥንድ ገዛሁ። ስገጥማቸው የፊት ጫፋቸው ከኋላው ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ፣ ከኋላ ጫፋቸው ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አድርጌ አጠበቅሁ፤ አለበለዚያ ይጮኻሉ። ጎማውን አሽከርክሬ ያዝኩት። ጮኸ። ፈታሁት፣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አጠፍኩ፣ እንደገና አሰርኩ። ዝም አለ። የአንበሳውን ጅራት በጎማው ማስቲሽ ለልጄ ለጠፍኩላት፤ ደርቆ እስኪይዝ ጠበቅሁ።